የዳቦ ቁጥር

የጦር ምስጢር ነው፣ አይጠየቅም አሉ፣
አየር ኃይል ግቢ ስንት ሰዎች እንዳሉ።
እኔም አልጠየቅሁ። ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤
ከሱብሒ በፊት ነው ሊጥ የሚቀሰቅሰኝ።
ለአንድ ሰው ሁለት ዳቦ፣ ሂሳቡ ይኸው ነው፤
ምስጢሩን ምድጃዬ በቁጥር ነው የሚያውቀው።

ሲመጡ ሁለት መቶ አርባ ነበር ትእዛዙ፤
ሁለት ጆንያ ሙሉ፣ ትኩስ፣ ከነወዙ።
ጋሪ ጠመድኩበት። ፈረሱ ዳማ ነው፤
ከበሩ ስንደርስ፣ ዘቡ ሲመለከተው
‹‹ጄት ገባ!›› ብሎ ጮኸ። ግቢው ሁሉ ሳቀ፤
ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ በዚያው ጸደቀ።
ሁለቱ አውሮፕላኖች ሲነሱ ከሜዳው
ጋሪውን ገልብጦ ይሮጥ የነበረው
ያ ፈሪ ፈረሴ፣ ጄት ብለው ሲጠሩት
ጆሮውን ይቀስራል፣ ልክ እንደ ሰጡት ሹመት።

ያደጉት ሐይቅ ዳር፣ የቢሾፍቱ ልጆች፣
ኮምቦልቻ ሲመደቡ፣ ልክ እንደ ስደተኞች
‹‹ባሕር ማዶ ጣሉን›› ይሉ ነበር በምሬት።
‹‹ባሕሩስ የታለ?›› ብዬ አንዱን ጠየቅኩት።
ቦርከናን ጠቆመኝ።

ቦርከና! በበጋ ጫማ የማያስወልቀው!
ልጁ ግን አልሳቀም።
ለካ ማዶው ላይ ሰው ካለህ፣ ምንጭም ባሕር ነው።

መጀመሪያ ሄዱ ሁለቱ አውሮፕላኖች፤
‹‹ለጥገና›› አሉን የቀሩት ልጆች።
መቶ ሰማንያ ሆነ። ቀጥሎ ቦቴው ሄደ።
መቶ አርባ። ሐኪሙ ጓዙን ሸክፎ ወረደ።
ዘጠና ስምንት። ጦይባ በጣቷ ስትቆጥር
‹‹ሃያ አንድ ሰው›› አለች፣ ‹‹አንድ ቃል ሳይናገር።››
ሁለተኛውን ምድጃ አመድ ሞላው። አህመዲንን፣
ሊጥ አቡኪዬን፣ ‹‹አብሽር›› ብዬ፣ የወሩን
ከፍዬ ሸኘሁት ወደ እናቱ፣ ሀርቡ።
አብሽር ያልኩት ግን ራሴን ይመስለኛል።

በጥር ወር አንድ ቀን ትእዛዙ አደገ!
ከሰባ ወደ መቶ ሃያ ተመነደገ።
‹‹ተመለሱ!›› ብዬ፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሼ፣
ጄትን ቃጭል አስሬ፣ የበዓል ሸሚዝ ለብሼ፣
ገሠገሥኩ። በሩ ላይ የቆሙት ግን ሌሎች፤
መፍቻና መጋዝ የያዙ ሠራተኞች።
ጣራ ሊያወርዱ ነው፣ ራዳር ሊነቅሉ፤
‹‹ዳቦህ ይጣፍጣል›› እያሉኝ፣ እየበሉ፣
በአሥረኛው ቀን ጨረሱ።

ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት። ከዚያ ስድስት።
ከዚያ ሁለት።

ሃምሳ አለቃ ጥላዬ፣ ከነፋስ ጨርቁ ጋራ፣
ዘብም አዛዥም ሆኖ ይውላል በተራ።
ማሽላው አጥሩን አልፎ ገብቷል። ላሞችም
ማኮብኮቢያው ላይ ይተኛሉ፤ አያባርራቸውም፤
‹‹አስፋልቱ ይሞቃቸዋል›› ይላል፣ ‹‹ለማን ላስለቅቀው?››

‹‹ሁለት ዳቦ ለመጫን ፈረስ ይጠመዳል?
በኪስህ አይገባም?›› ትላለች ጦይባ። ይገባል።
ግን በኪሱ ሸጉጦ፣ በእግሩ እየሄደ ለገባ
ማን ይጮኽለታል፣ ‹‹ጄት ገባ! ጄት ገባ!››?

ዛሬም የሐረጎ ጉም ገና ሳይገፈፍ፣
ሰውየው ቆብ ደፍቶ፣ ብቻውን እንደ ሰልፍ
በሩ ላይ ቆሟል። ዝገቱ እየጮኸ
ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አርጎ ከፈተ፤
እንደ ድሮው ጮኸ፤ ድምፁ መሐል ላይ ሻከረ።
አንዱን ዳቦ ገምሶ ለጄት አጎረሰ።
(ለካ ሂሳቤ ልክ አልነበረም፤ ለስንት ወር
የአንድ ሰው ነው ያልኩት የሁለት ነበር።)
የቀረውን ዳቦ ቆቡ ውስጥ አስቀምጦ፣
ከዘብ ቤቱ መስኮት መዝገቡን አውጥቶ፣
እርሳሱን በምላሱ አርሶ ጎንበስ አለ።
በትከሻው በኩል አጮልቄ አነበብኩ፦

‹‹ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። አንድ ጄት አረፈ።
ጭነት፦ ሁለት ዳቦ።
ነፋስ፦ ቀላል፣ ከቦርከና በኩል።
አየሩ ጥሩ ነው።››